ዘይነባን ከጥጥ እርሻው ላመጣ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ

ካሚዮኑ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ቆሟል። ጨለማው ገና አልለቀቀም፤ የፈንታሌ ተራራ ጫፍ ብቻ ቀላ ብሏል። እናቴ እስከ ካሚዮኑ ተከትላኝ መጥታ በጨርቅ የተቋጠረ ቂጣ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ሰዒድ፣ ይዘሃት ና። ምክንያት አልሰማም» አለች።

ስለ እህቴ ስለ ዘይነባ ነው። ባሏ ሁሴን ከአዋሽ ወንዝ ዳር ባለ አንድ የጥጥ እርሻ የውሃ ፓምፕ ያንቀሳቅሳል። እሷ ደግሞ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ከእርሻው በስተሰሜን በግጦሽና በውሃ የተነሳ ሁለት የአፋር ጎሳዎች ተታኩሰዋል። እኔ የጣቢያው ትኬት ቆራጭ ስለሆንኩ ሰው ሁሉ በመስኮቴ በኩል አንድ አንድ ወሬ ያቀብለኛል። እርሻው ተቃጠለ፤ ጥጥ ለቃሚው አለቀ፤ ድልድዩ ፈረሰ። ድልድዩ ፈረሰ ያለኝ ሰውዬ በዚያው ድልድይ ተሻግሮ የመጣ ነበር።

ሾፌሩ ጋሽ ወርቁ የመንዝ ሰው ናቸው። ለእርሻው ዱቄት ያወርዳሉ፣ ሲመለሱ ጥጥ ይጭናሉ። አማተቡና ሞተሩን አስነሱ። እኔም ቢስሚላህ አልኩ።

ረቡዕ፣ ረፋድ፤ አዋሽ አርባን አልፎ

መንገዱ አቧራና ድንጋይ ነው። ዛሬ በዚያ በኩል እስከ ሰመራ አስፋልት ተዘርግቷል፤ ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማም አልነበረም። አዋሽ አርባ ላይ ወታደሮች ዱቄቱን በሳንጃ ወጋ ወጋ አድርገው አሳለፉን። አንዲት ሴት በቆርቆሮ ጥላ ሥር በአሥር ሳንቲም ሻይ ትሸጣለች። ከጎኗ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ከወሎ፣ ከከምባታ፣ ከወላይታ ለለቀማ የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ከእርሻው ሸሽተው በእግራቸው እየወጡ ነው።

«ምን አያችሁ?» አልኳቸው።

አንዱ እግሩን በጨርቅ እየጠቀለለ፣ «እኛስ ምንም አላየን። ሰው ሲሮጥ አየን፤ ሮጥን» አለኝ።

ጋሽ ወርቁ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ።  ከሩቅ ግመል በታየ ቁጥር እጃቸው ማርሹ ላይ ይጠነክራል። የእኔም እጅ የበሩን እጀታ ጨብጧል፤ ከሚሄድ ካሚዮን ዘልዬ የት እንደምገባ ግን አላውቅም።

ረቡዕ፣ ከቀትር በኋላ፤ እርሻው

እርሻው አልተቃጠለም። ጥጡ ፈንድቶ ሜዳው ነጭ ሆኗል፤ የሚለቅመው ግን የለም። ከሠራተኞቹ ጎጆዎች ግማሹ ባዶ ነው። ዘይነባ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ከበሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ ከስቷል። የእናታችንን ቃል ነገርኳት።

«ሁሴንን ትቼ የትም አልሄድም» አለች።

«አብሮን ይምጣ።»

«ፓምፑን ለማን ትቶ? እሱ ከሄደ የቀሩት ሰዎች የሚጠጡት የላቸውም።»

ሁሴን ማታ በዘይት የጠቆረ እጁን በአሸዋ እየፈተገ መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው። «ውሰዳት፣ ሰዒድ» አለኝ። እሷ ተነስታ ራት አቀረበች።

ሌሊቱን የቀረው ሰው ሁሉ፣ ሴት ወንዱ፣ መጋዘን ውስጥ ጥጥ ክምር ላይ አደረ። ማንም አልተኛም። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ሐሙስ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ከሰሜን በኩል አቧራ ተነሳ። መጀመሪያ እንደ ጭስ ቀጥ ብሎ ነበር፤ እየቆየ ሰፋ።

«መጡ!» አለ አንድ ሰው።

ወንዶቹ አካፋና መጥረቢያ ያዙ። እኔም የማን እንደሆነ የማላውቀውን ዱላ አነሳሁ።  ዘበኛው፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ ጠመንጃቸውን አጉርሰው ከሽቦ አጥሩ ላይ አጋደሙት። ከእርሻው ኃላፊ የተሰጣቸው ትእዛዝ ወደ አጥሩ የሚቀርብ ሰው ካለ እንዲተኩሱ ነው።

አቧራው ሲቀርብ ግመሎች ታዩ። በግመሎቹ ላይ የተጠቀለለ ሰሌን፣ የጎጆ እንጨት፣ ከእንጨቱ መሃል የሕፃናት ጭንቅላት። ከኋላ ሴቶችና ፍየሎች። ሽማግሌ ከፊት። የታጠቀ ጎልማሳ አንድም አላየሁም። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። እኛን እያዩ ቆሙ።

ዘይነባ አጠገቤ ነበረች። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየች።

«ሐሊማ ናት!» ብላ ጮኸች። «ወተት የምታመጣልኝ ሐሊማ ናት እኮ!»

እጇን ልይዝ ስል አመለጠችኝ። በዚያ ሆዷ ወደ አጥሩ ሄደች። ዘበኛው፣ «ተመለሺ፣ ልጄ! እኔ ታዝዣለሁ!» እያሉ ለመኗት። በሽቦው መሃል እጇን አሾልካ ጠራቻት። ከወዲያ ማዶ አንዲት ቀጭን ሴት ልጅ አዝላ ብቻዋን መጣች። የዘይነባን እጅ ያዘች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። በተሰባበረ አማርኛ፣ «ውሃ» አለች፤ «ሁለት ቀን ውሃ የለም።»

ወንዙ ከኋላችን ነው። በዚያ አካባቢ ግን ዳሩ በሙሉ ታጥሮ ጥጥ ሆኗል።

ሁሴን ከፓምፑ ቤት ሲመጣ አየሁት። ማንንም ሳያስፈቅድ ከአጥሩ ውጭ ወደሚያልፈው ቦይ ሄዶ የማገጃውን ብረት ዞር ዞር አደረገ። ውሃው ደረቁን ቦይ እያጨሰ ሄደ። ፍየሎቹ ቀደሙ፤ ቀጥሎ ሕፃናቱ። ዘበኛው ጠመንጃቸውን ከምሰሶው ጋር አስደግፈው ፊታቸውን አዞሩ።

ሽማግሌው ግን አልጠጣም። ሽቦው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሁሴንን ጠበቀው። ሁሴን ከወዲህ ቁጢጥ አለ። ወግ ነው፤ አፋር ሲገናኝ ዳጉ ይባባላል፣ ያየውንና የሰማውን በሥርዓት ይነግራል። ሁሴን ቋንቋቸውን ያውቃል። ሽማግሌው በደረቀ ጉሮሮ ረጅም ጊዜ ተናገረ። ውሃው ከጎኑ እየፈሰሰ ነው።

ሲጨርስ ሁሴን ለኛ አስረዳን። ውጊያው የሁለት ቀን መንገድ ርቆ፣ አንድ ጉድጓድ ላይ ነበር። አሁን አስታራቂ ሽማግሎች ገብተውበታል። ወደ እርሻው የሚመጣ የለም። እነሱ ትናንት ሊደርሱ ይችሉ ነበር፤ ግን እርሻው ላይ ያለው ሰው ይተኩሳል ሲባል ሰምተው ፈርተው ዘገዩ። አንዲት አሮጊት በጥም ሞታ መንገድ ላይ ተቀብራለች።

ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሌሎቹም አካፋቸውን ወደ ቦታው መለሱ። ማንም ማንንም አላየም።

ኃላፊው በላንድሮቨር ደረሰ። ክራባት ያሰረ ሰው ነው።

«ማን ፈቀደልህ? ይህ ውሃ የጥጡ ነው!» አለ።

«ጌታዬ፣ ጥጡ ዛሬ ጠጥቷል» አለ ሁሴን።

«ሥራህ አብቅቷል። ዝጋውና ሂድ።»

ሁሴን የማገጃውን ብረት ነቅሎ ኃላፊው እግር ሥር በቀስታ አስቀመጠው። ኃላፊው ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አያቸው። ብረቱን ያነሳ የለም። ውሃው እስከ ማታ ፈሰሰ።

ዓርብ፣ ረፋድ፤ በመንገድ ላይ

ጋሽ ወርቁ ጥጡን ጭነው ሦስታችንን አሳፈሩን፤ ዘይነባ ጋቢና ውስጥ፣ እኔና ሁሴን ጥጡ ላይ። ሐሊማ እስከ መንገዱ ሸኘቻት። ዘይነባ ሐሊማ ከዓይኗ እስክትሰወር ድረስ አለቀሰች።

አዋሽ አርባ ሳንደርስ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ጠበቀን። ከግራሮቹ ሥር አምስት የታጠቁ አፋሮች ወጡ። ጋሽ ወርቁ ሞተሩን አጥፍተው «ማርያም» ሲሉ ሰማኋቸው።

ሁሴን ከጥጡ ላይ ወርዶ መንገዱ ዳር ቁጢጥ አለ። ከመሃላቸው ወጣቱ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ከሰሜን የወጡ ቤተሰቦችን ይፈልጋሉ። ሁሴን ያየውን ሁሉ ነገራቸው፤ እነማን እንደደረሱ፣ የት እንደሰፈሩ። ስለ አሮጊቷ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። ወጣቱ አንድ ነገር ጠየቀው። ሁሴን በጭንቅላቱ አዎን አለው።

እናቱ ነበረች።

ወጣቱ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አጋደመው፤ መዳፉን አፈሩ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀ። ሁሴን መለሰለት። በኋላ እንደነገረኝ ጥያቄው «ማን ቀበራት?» ነበር። «ሽማግሌያችሁ፣ ከነሥርዓቱ» ብሎታል።

ወጣቱ ተነሳና ድንጋዮቹን ራሱ ከመንገዱ ላይ አነሳልን። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው አለፉ።

ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት፤ ቤት

ከጁምዓ የሚመለሰው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። እናቴ የካሚዮኑን ድምፅ ሰምታ ባዶ እግሯን ወጣች። ዘይነባን አቅፋ ሆዷን ዳሰሰች፤ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ ቀና አለች። ሁሴን ጥቅሉን ይዞ ካሚዮኑ አጠገብ እንደቆመ ነው።

«ምን ያቆምሃል፣ ልጄ? ግባ እንጂ!»

«እማማ፣ ከሥራዬ ተባርሬ ነው የመጣሁት» አላት አንገቱን ደፍቶ።

እናቴ ጥቅሉን ከእጁ ተቀበለችው።

«እኔ እኮ ግባ ያልኩት ሥራህን አይደለም» አለችና ፊት ፊቱን ወደ ቤት ገባች።