ድምፅ አልባው ፊልምና የመርሳው ልብስ ሰፊ

መርሳ ከተማ ላይ ከሞባይል መጠገኛ ሱቄ ቀጥሎ አንድ ልብስ ሰፊ አሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በልጅነታቸው ታመው መስማት የተሳናቸው ናቸው፤ አይናገሩም። በእጅ ምልክት በደንብ ለመግባባት ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶብናል።

አንድ ቀን ከኢንተርኔት ያወረድኩትን የቆየ ፊልም አያለሁ። ሲኒማ ገና ድምፅ ሳይኖረው በሩቅ አገር የተቀረጸ ነው። ተዋናይ የለው፣ ታሪክ የለው፤ ዳቦ ቤት፣ ጫማ ሰሪ፣ የጨርቅ ሱቅ፣ ሰው ሲሸጥና ሲገዛ ብቻ። ስልክ ሊያሠሩ የመጡት አጮልቀው ያዩና «ድምፁ ተበላሽቷል እንዴ?» ብለው ይተዉታል። ጋሼ ግን መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ ሰክተው መጥተው ቆሙ። የጨርቅ ሱቁ ሲመጣ ትከሻዬን ይዘው ፊልሙን አስቆሙኝ። ሻጩ ሲለካ ጨርቁን እንዲረዝምለት በአውራ ጣቱ ይወጥረዋል! ገዢዋ አላየችም። እኔም ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይቼ ልብ አላልኩም። ጋሼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

በማግስቱ እኔንም ቅረጸኝ አሉኝ፣ በምልክት። ስልኬን መደርደሪያቸው ላይ አቁሜ ግማሽ ቀን ቀረጽኳቸው። ምሳ ሰዓት ላይ አብረን ስናየው፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ሲሰፉ ከኋላቸው የቆመ ሹፌር፣ የቆየ ደንበኛቸው፣ አፉን እያጣመመ እጁን እያወናጨፈ ለጓደኛው እሳቸውን አስመስሎ ያሳያል። ሁለቱም ይስቃሉ።

«ላጥፋው፣ ጋሼ» አልኩ፤ እንደማይሰሙኝ እንኳ ረስቼ። እጄን ያዙኝ። ደግመው አዩት። ከሰዓት በኋላ ሥራ አልሠሩም።

ሹፌሩ በሳምንቱ ሱሪውን ሊወስድ መጣ። አጣጥፈው ሰጡትና ስልኩን አምጣ አሉኝ። ሹፌሩ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ያይ ነበር፤ ራሱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ በልልኝ» አለኝ።

«አንተው ንገራቸው» አልኩት፤ ተናድጄ ነበር።

ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላቸው። ጋሼ አተኩረው አዩት። ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሱሪውን እንዲለካው አመለከቱት።

አሁንም ደንበኛቸው ነው። ከሁለት ሦስት ምልክት በላይ አያውቅም፤ ግን ሲመጣ ፊት ለፊታቸው ይቆማል።