ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርነው መነኩሴ

በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ ያለችው የወንጌላውያን ቸርቻችን የራሷ ሕንፃ አልነበራትም። እሁድ ከሰዓት የምናመልከው ከአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በተከራየነው አዳራሽ ነበር። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ቁልፍ የያዘ ሰው ደግሞ ወንበር ይደረድራል፣ ማይክ ይፈትሻል፣ የሁሉን ስሞታ ይሰማል።

ከመድረኩ ጎን ሰው የሚያክል ሐውልት ቆሟል፤ ቡናማ ቀሚስ የለበሰ፣ በባዶ እግሩ፣ ዓይኑን መሬት ላይ የተከለ ከሲታ መነኩሴ። ማን እንደሆነ አናውቅም። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌያችን ገና በመጀመሪያው እሁድ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ጣዖት አጠገብ ነው እንዴ የምንሰብከው? ሸፍነው!»

ከቤት ነጭ አንሶላ አምጥቼ ሸፈንኩት። ሕፃናቱ ሲያዩት የሙት መንፈስ መስሏቸው «ጎስት! ጎስት!» እያሉ አዳራሹን በጩኸት አናጉት። በሳምንቱ ጋሼ ሌላ ሐሳብ መጣላቸው።

«እንግዲያው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው።»

አፍ አውጥቶ አዙረው ማለት ቀላል ነው! ሳምንቱን ሙሉ ኦቤትስ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስጭን ከርሜ፣ በእረፍት ቀኔ መነኩሴ ታቅፌ አዞራለሁ። ፕሮግራም ሲያልቅ መልሼ አዞራለሁ። ወገቤ ተቆረጠ።

አንድ እሁድ ታክቶኝ ሳልመልሰው ሄድኩ። በሚቀጥለው እሁድ ሕንፃውን የሚጠብቀው ጡረተኛ አሜሪካዊ በር ላይ ጠበቀኝ። ኪራዩ ቀረ ብዬ ይቅርታዬን ሳዘጋጅ ሰውየው ሳቀ።

«መነኩሴው ራሱ ፊቱ ቢዞር ደስ ይለው ነበር» አለኝ። «ቀና ብሎ ሰው አያይም ነበር። አብረውት የሚኖሩትን መነኮሳት የሚለያቸው በድምፃቸው ብቻ ነው።»

ከዚያ ታሪኩን ነገረኝ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ስፔናዊ ፍራንቸስካዊ ነው። ክፍሉ እግር አያስዘረጋም፤ ግድግዳው ላይ በተተከለ እንጨት ራሱን አስደግፎ፣ ቁጭ እንዳለ፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይተኛል። አርባ ዓመት!

«ለምን?»

«ለጸሎት ነዋ። እግዚአብሔር ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ ይወድ ነበር።»

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። እኔ ሁለት ሺፍት ሠርቼ፣ ጨቅላ ልጄ ሲያለቅስ አድሮ፣ ትንሽ እንቅልፍ ባገኝ ምንኛ በታደልኩ። እሱ እጁ የገባውን እንቅልፍ ይገፋል።

ሰውየው የመነኩሴውን የሕይወት ታሪክ የያዘ ትንሽ መጽሐፍ ሰጠኝ። ጋሼን አሳይቼ ከሸክም ልገላገል ብዬ፣ «የጸሎት ሰው ነበር እኮ» አልኳቸው።

«እስቲ አንብብልኝ» አሉ።

እንግሊዝኛ ብዙም አይገባቸውም። ከፕሮግራም በኋላ ሰው ሁሉ ሲበላ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ በየመስመሩ እተረጉማለሁ፤ እሳቸው በየመስመሩ ይከራከራሉ።

«በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚበላው።»

«ጾም መልካም ነው። ቀጥል።»

«ለማርያም ደግሞ...»

«እሱን ዝለለው!»

«ሲጸልይ ራሱን ይስታል፤ ሰው ቢጠራውም አይሰማም።»

ጋሼ ወደ መጽሐፉ ጠጋ አሉ። ከዚያ፣ «ምን እያለ ነው የሚጸልየው?»

«ምንም አይልም፣ ጋሼ። ዝም ነው የሚለው።»

«ዝም? እስቲ ድገመው።»

ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ምግቤ ቀዘቀዘ።

በሳምንቱ ሐውልቱን ላዞር ጎንበስ ስል «ተወው» አሉ። ተመስገን ልል ስል መድረክ ላይ ወጥተው፣ ከዛሬ ጀምሮ አምልኮ የሚጀመረው በአምስት ደቂቃ የዝምታ ጸሎት ነው ብለው አወጁ። ሰዓት ያዥ ማን ይሁን? እኔ።

በኛ ቸርች አምስት ደቂቃ ዝምታ! አንዱ ይስላል፣ ወንበር ይንቋቋል፣ ሕፃናቱ «ኢዝ ኢት ኦቨር?» እያሉ አልቆ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከጋሼ ከራሳቸው አፍ «ሃሌሉያ!» አመለጠ፤ ሕዝቡ አለቀ መስሎት በእልልታ ተቀበላቸው። በሚቀጥለው እሁድ አፋቸውን በመዳፋቸው አፍነው ተቀመጡ፤ ፊታቸው ቀላ። አሁንም አመለጣቸው።

ስሞታው ወደ እኔ ጎረፈ። ዘማሪዎቹ ሰዓታችን ተነካ አሉ፣ እናቶች ልጆቻችን አስቸገሩን አሉ። ከወር በኋላ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዝምታው ይቅር ብለው ወሰኑ። ለጋሼ የሚነግራቸው ሰው ግን ጠፋ፤ እኔው ተላክሁ።

ሲወጡ ፓርኪንግ ላይ አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ሦስት ደቂቃ ደርሼ ነበር እኮ» አሉኝ፣ ቅር ብሏቸው።