የጋሼ ብሎን አርባ አንድ ካርዶች

ጋሼ ብሎን የተባለው ሲራመድ ኪሱ ስለሚንሿሿ ነው። ነዋሪዎቹ ከማየታቸው በፊት ይሰሙታል። ያንን ባለ አምስት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ሲጠግን ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። ከሚስቱ ጋር የሚኖረውም እዚያው ምድር ቤት፣ ከውሃ ፓምፑ አጠገብ ባለችው አንድ ክፍል ነው። ክፍሏ የተሰጠችው ከሥራው ጋር ነው፤ ሥራው ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች።

ድሮ ቧንቧ የፈሰሰበት ሰው ደረጃ ላይ ያስቆመዋል፣ እየጎተተ ወስዶ ያሳየዋል፣ በቃ። ዘንድሮ ግን አዲስ አስተዳዳሪ መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ጋሼን ሁልጊዜ ከወንበሯ ተነሥታ ነው የምታነጋግረው። ክፉ ብትሆን ኖሮ እንዴት በቀለለው! ረግሟት ይገላገል ነበር። እሷ ግን ስልኩን ተቀብላ አንድ መተግበሪያ ጫነችለትና በትዕግሥት አስረዳችው።

«ይኸውልዎት ጋሼ፣ እያንዳንዱ ብልሽት አንድ ካርድ ነው። ነዋሪው ፎቶ አንሥቶ ይልካል፤ እዚህ በግራ በኩል ‹የሚሠራ› የሚለው ሥር ይወጣል። ሥራውን ሲጀምሩ በጣትዎ ይዘው ወደ መሀል ይጎትቱታል፤ ‹በሥራ ላይ›። ሲጨርሱ ደግሞ ወደ ቀኝ፤ ‹ያለቀ›። ከዚህ ሌላ ምንም የለውም።»

እውነቱን ለመናገር ወደደው። የሦስተኛ ፎቋ የጥርስ ሐኪም የበሯን ማጠፊያ ፎቶ ልካ ኖሮ፣ ካርዱን በአውራ ጣቱ ጎትቶ መሀል ላይ ሲያሳርፈው እንደ ሕፃን ሳቀ። «እዩት፣ ይሄዳል!» አለ።

ጣጣው የመጣው ከቀኙ በኩል ነው። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ «ጠገንኩ በል እንጂ ጨረስኩ አትበል» ብለው ነው ያሳደጉት። ጣሪያ ዝናብ ሳይወርድበት፣ ቧንቧ ወር ሳይሰነብት፣ ማን ደፍሮ አለቀ ይላል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እናም የነካውን ሁሉ ጠግኖ ሲያበቃ ካርዱን መሀል ላይ ይተወዋል። በሦስት ወር አርባ አንድ ካርድ መሀል ላይ ተኮለኮለ፤ ቀኙ ባዶውን ቀረ።

ረቡዕ ዕለት አስተዳዳሪዋ ፊቷ ጠቁሮ ምድር ቤት ወረደች።

«ጋሼ፣ የነዋሪዎች ኮሚቴ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ይሰበሰባል። ጥገናውን እኛ እንያዘው ያለ ድርጅት አለ። ኮሚቴው የሚያየው የካርዶቹን ሰሌዳ ብቻ ነው፤ በሦስት ወር አንድም ሥራ አልጨረሰም ነው የሚሉት። እባክዎ ወደ ቀኝ ይውሰዷቸው።»

«የአምስተኛ ፎቁ ጣሪያ እኮ ገና ዝናብ አላየም፣ ልጄ።»

«ዝናቡ ከዓርብ በኋላ ነው የሚመጣው ጋሼ!»

ሐሙስ ሙሉውን ቀን ከፎቅ ፎቅ ሲወጣ ሲወርድ ዋለ። አንድ በአንድ አይቼ ደህና የሆነውን አሳልፋለሁ ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ቧንቧ በደቂቃ አንድ ጠብታ ይጥላል። ሁለተኛው መስኮት ሲዘጋ ትንሽ ያስቸግራል። እስከ ማታ ወደ ቀኝ ያሳለፈው አንድም የለም፤ ጭራሽ ሁለቱን ወደ ግራ መልሷቸዋል። ይህ ሰው ገደል ገብቶ ገመድ ቢወረወርለት እንኳ ቋጠሮውን ሳይፈትሽ አይዝም።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቱ፣ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል። እኔ በስተርጅናዬ ፍራሽ ተሸክሜ ቤት ፍለጋ አልዞርም።» ከዚያ ፊቷን አዞረች። ስታለቅስ አይቷት አያውቅም ነበር።

ዓርብ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና መነጽሩን አደረገ። ወደ ግራ የመለሳቸውን ሁለቱንም ሳይተው አንድ በአንድ ወደ ቀኝ ጎተተ። የጣሪያው ካርድ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነና ጎተተው። አርባ አንዱም ተሻገሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰሌዳው የስብሰባው ክፍል ግድግዳ ላይ ሰፍቶ በራ። ግራው ባዶ፣ መሀሉ ባዶ፣ ቀኙ ጢም ያለ። ኮሚቴው አጨበጨበ። የጥርስ ሐኪሟ «የቤቴ በር እኮ ሲጢጥ ማለቱን ተወ!» ብላ አመሰገነችው። ጋሼ ብሎን አንገቱን ቢደፋም ደስታው ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የሆኑት ጠበቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ስንሰማ የነበረው ሌላ፣ ያየነው ሌላ። እንግዲህ ሰሌዳው እንደሚያሳየው የሚሠራ የለም፣ በሥራ ላይ ያለም የለም። ሕንፃው ደህና ሆኗል። ታዲያ ቋሚ ጠጋኝ ምን ይሠራልናል? አንድ ነገር ሲበላሽ ድርጅቱን እንጠራለን። እርስዎም ብዙ ደከሙ፤ አሁን ይረፉ። ክፍሏን እስከ ወሩ መጨረሻ ቢለቁልን ይበቃል።»

በክፋት የተናገረ ማንም አልነበረም። የጥርስ ሐኪሟም እንደ ሌሎቹ ፈገግ ብላ እጇን አወጣች፤ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ።

አስተዳዳሪዋ ከንፈሯን ነክሳ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች። ጋሼ ብሎን ስልኩን አወጣና ሰሌዳውን ከፈተ። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ልጄ» አላት፣ «ወደ መሀል ልመልሳቸው እንዴ?»