የዲማዋ አክስቴ

ባሮ ዳር የረገፈ ማንጎ በሸተተኝ ቁጥር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እሆናለሁ። እናታችን ሆስፒታል ተኝታ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ቤት ውስጥ ብቻችንን ነበርን። ከሆስፒታሉ የተላኩት ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ እትዬ ብርቄ፣ ግቢያችን ሲገቡ ሊለያዩን የመጡ መስሎኝ እህቴን አልጋ ሥር ደበቅኋት።

እሳቸው ግን ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀመጡና፣ «ልወስዳችሁ አልመጣሁም። ዘመድ የላችሁም?» አሉኝ።

«ዲማ አክስት አለችን። ስልኳን ግን አላውቅም» አልኳቸው።

«ስሟን ካወቅሽ ይበቃል፤ ሰው በሰው ይገኛል» አሉ።

እንዴት እንዳገኟት እስከ ዛሬ አላውቅም። በአራተኛው ቀን አክስቴን ከመናኸሪያ ይዘዋት መጡ። የመንገዱን አቧራ ሳታራግፍ ሁለታችንንም አቀፈችን። እናታችን ትዳን አትዳን ገና አልታወቀም ነበር። እኔን ግን ያን ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከእህቴ ቀድሞ እንቅልፍ ወሰደኝ።