ለሁለት የተቆረጠ ክኒን

የታናሽ እህቴ ደም አልጨምር አለ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ቡታጅራ ጤና ጣቢያ የብረት ክኒን ሰጥተዋት እየዋጠች፣ በየቀጠሮው ሲለካ ደሟ ቁልቁል ነው። ነርሷ «እንዲህ ሆነሽ ምጥ እንዳይመጣብሽ» ብላታለች። ደውላ ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እህቴ ስትፈራ ትስቃለች።

እኔ ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ለችግር ሁሉ ጥፋተኛ ካላገኘሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቅዳሜ ቤቷ ስገባ ጥፋተኛውን መደርደሪያ ላይ ያገኘሁት መሰለኝ፤ ክዳን የሌለው ብርጭቆ፣ ውስጡ ከማሸጊያቸው ወጥተው ለሁለት ለሁለት የተቆረጡ ክኒኖች። ሽፋናቸው ቀይ ነው፤ የተቆረጠው ጎናቸው ግን ቡናማ ሆኗል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለመዋጥ እንዲቀለኝ ነው ጋሼ። የወሩን በአንዴ ቆርጬ አስቀመጥኩት።»

«አየር እኮ ያበላሸዋል!»

«አየር ደግሞ ምን ያደርጋል?» ብላ ሳቀች።

ከመጨቃጨቅ መለካት ይሻላል ብዬ፣ ከብርጭቆው ሁለት ግማሽ፣ ካልተከፈተው ማሸጊያ ደግሞ አንድ ሙሉ ክኒን ይዤ ተመለስኩ።

ሰኞ ፈጭቼ በየጠርሙሳቸው በውሃ በቀጠነ አሲድ አሟሟኋቸውና ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ፈሳሽ ጠብ ጠብ አደረግሁባቸው። ይህን ለተማሪዎች ስንቴ አሳይቻለሁ፤ የእህቴ ጉዳይ ሆኖ ግን አያውቅም። ደህናው ብረት ቀለሙን ይበላዋል፤ ሮዝ ሆኖ የሚቀረው ብረቱ ሲያልቅ ነው። ሙሉው ክኒን ጠብታውን እንደተቀበለ አጠፋው፤ ሌላ ጨመርኩ፣ እሱንም አጠፋው። ሱብሃነላህ፣ ማብቂያም ያለው አይመስልም ነበር። ግማሾቹ ግን ቶሎ ጠገቡ፤ በጥቂት ጠብታ ሮዝ ሆነው ቀሩ። እጄን ተጠራጥሬ ከቀሪው ፈሳሽ ደገምኩት፤ ያው ነው።

ብረቱ የትም አልሄደም፤ ቢመዘን ያው ነው። አየር በተቆረጠው ጎን ገብቶ ጠባዩን ለወጠው፤ ሰውነት እንደ ወትሮው የማይቀበለው ሌላ ብረት አደረገው። የምንተነፍሰው፣ መኖሩን እንኳ የማናስበው አየር! ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ አየርም እንደዚያው ኖሯል። ክፍቱን መስኮት እያየሁ ቆምኩ፤ እውነት ለመናገር ፈራሁት።

ከዚያ ቁጣዬ መጣና ደወልኩላት። «ባይቆረጥ ሽፋኑ ይከላከልለት ነበር! አንቺ ደግሞ ብርቱካን ከነፍሬው ስትውጪ ያደግሽ ልጅ፣ ክኒን አቃተኝ ትያለሽ? ለምንድን ነው የቆረጥሽው?»

በዚህ ጊዜ አልሳቀችም።

«ግማሹ የእሷ ነው» አለች። የባሏን እህት ማለቷ ነው፤ ቤታቸውን የሚለየው አጥር ብቻ ነው። «ሁለቴ ፅንስ ወርዶባታል። አሁንም ይዛለች፤ እስኪገፋ ሰው እንዳያውቅባት ብላ ጤና ጣቢያ አትሄድም። ዓይን ትፈራለች። ጎራ ስትል ከብርጭቆው አንድ ግማሽ ታነሳለች።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ጋሼ፣ እስካሁን የዋጠችው ምንም አልነበረም ማለት ነው?»

ስለ ራሷ ደም አልጠየቀችኝም። ያ ሁሉ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ እንደዚያች ጠብታ ጠፋ።

«ጭራሽ ምንም አልነበረም አይባልም፤ ግን ለአንቺም ለእሷም አልበቃም» አልኳት። «ንገሪያት።»

ለቀጣዩ ቀጠሮ እኔው ወሰድኳት። አግዳሚው ላይ ከጎኗ የባሏ እህት ተቀምጣለች፤ ሻርፗን እስከ ዓይኗ ስባ፣ ለሰላምታዬም ቀና ሳትል። ነርሷ የእህቴን ተራ ስትጠራ ሁለቱም አብረው ተነሡ። የባሏ እህት ሻርፗን ከፊቷ ገለጠች፤ ሰው በሞላበት መጠበቂያ፣ ሁሉም እየሰማት፣

«እኔም ነፍሰ ጡር ነኝ» አለች። «የራሴን ስጡኝ፤ እሷ ሙሉውን ትዋጥ።»