ያልያዘኝ ፕላስተር

የተበደልኩት እንዲህ ነው፦ «ክንድዎን ቅባት ሳይቀቡ ይምጡ» ብሎ የነገረኝ ሳይኖር፣ ተቀብተዋል ተብዬ ወጣሁ።

ስኳር ከያዘኝ ወዲህ ኢንሱሊኔን የምትወጋኝ ጎረቤቴ ናት። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ መርፌውን ራሴ አልችለውም። እሷ ደግሞ ቡና ሲቀላ ለለቀማ ወደ አባቷ መሬት፣ አጋሮ ትወርዳለች። ያኔ እህል ሳልቀምስ ቦሳ ኪቶ ሰፈርን አቋርጬ እስከ ጤና ጣቢያው እሄዳለሁ። ልጆቼ ርቀዋል። ስመለስ «እንዴት ዋሉ» የሚለኝ የለም፤ ሬዲዮ ከፍቼ ዜና አንባቢውን «አንተ ደግሞ ልማት ልማት ትላለህ» እያልኩ እጣላዋለሁ።

አንድ ቀን የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጣች። ከተማችን ባለው የሕክምና ኮሌጅ ውስጥ አዲስ ነገር እየተሞከረ ነው አለችኝ፤ እንደ ፕላስተር የሚለጠፍ፣ ከፀጉር የቀጠኑ አጫጭር መርፌዎች ያሉበት፣ መድኃኒት በቆዳ የሚያስገባ። ሳያምም፣ ሰው ሳያስፈልግ፣ በገዛ እጅ የሚለጠፍ። እኔ የያዝኩት «ሰው ሳያስፈልግ» ያለችውን ነው፤ ለሙከራው ተመዘገብኩ።

በቀጠሮዬ ጠዋት ታጠብኩ። ክንዴ አመድ መስሎ ሐኪም ፊት ልቅረብ እንዴ? እስኪያብረቀርቅ ቅባት ተቀባሁ። የኮሌጁ ሐኪም ፕላስተሩን ክንዴ ላይ ለጠፈችው፤ ተንሸራተተ። በጥጥ ጠርጋ ደገመችው፤ ወደቀ።

«ተቀብተዋል። በቃ እማማ፣ ለእርስዎ አይሆንም። የሚቀጥለው ይግባ!»

ሌሎቹ ተለጥፎላቸው ሲወጡ በዓይኔ አየሁ።

ጎረቤቴ ለአጋሮ ጓዟን እያሰረች ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። «ወላሂ እማማ፣ ሠርግ የተጠሩ መስሎዎት ነው?»

እኔ አልሳቅሁም። ያ ነገር ቢይዘኝ ኖሮ የቡናውን መቅላት ባልፈራሁ ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ ከጤና ጣቢያው በቀጥታ ወደ ኮሌጁ በር እሄድ ጀመር። ዘበኛው «ዛሬም መጡ?» ይለኛል። «መልሴን እስካገኝ እመጣለሁ፤ አንተ ወንበርህን ጠብቅ» እለዋለሁ። በመጨረሻ ሐኪሟ ራሷ ወጣች። የዘበኛውን ወንበር ለእኔ ሰጥታ እሷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«መቀባት ክልክል ከነበረ ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም? የእኔ ድርሻ ለማን ተሰጠ?»

«አለመንገራችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድርሻዎን ግን ማንም አልወሰደም። ፕላስተሩ ባዶ ነበር እማማ። ቆዳ ላይ ይይዝ እንደሆነ ለማየት ነው እንጂ መድኃኒት የለበትም።»

«መድኃኒት ያለበትስ መቼ ይመጣል?»

የሚንቀጠቀጠውን እጄን ያዘችው።

«አላውቅም» አለች። «በዕድሜዎ ይደርስልዎታል ብዬ አልዋሽዎትም።»