አብደታ ለዲሪቤ የተሸከመው ውሃ

አብደታ ከመቱ ኖፓ ሚኒባስ ሲነዳ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። ዲሪቤ ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ሁለቱም የትዳር ጓደኛቸውን ቀብረዋል፤ ሁለቱም ኖፓ ዳር ላይ የዓሣ ኩሬ አላቸው። እሱ ጡረታ ወጥቶ ኩሬ የቆፈረው ለዓሣ ብሎ እንደሆነ ይናገራል። ማን ያምነዋል? ዓሣ እንኳ አይበላም፤ እሾሁን ይፈራል።

የዲሪቤን ኩሬ የቆፈረላት ባሏ ጅራታ ነው። የመጨረሻ ሥራው ስለነበር ከቤቷ ይልቅ ለኩሬው ትሳሳለታለች።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ቆሮሶ የሚባሉት ዓሦቿ ሆዳቸው እየቀላ፣ ቆዳቸው እየቆሰለ ይንሳፈፉ ጀመር። ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ አዋቂ ሆነ። "ውሃውን አፍስሺና ኖራ በትኚበት፤ ካልሆነም ድፈኚው" አሏት።

"ጅራታን ሁለት ጊዜ ልቅበረው?" አለች።

አብደታ ይህን ሲሰማ መቆሚያ መቀመጫ አጣ። የእሱም ዓሦች በዚሁ በሽታ ተመትተው ድነዋል። እንግዲያው የዳኑበት ውሃ መድኃኒት ነው ብሎ ደመደመ፤ ጠበል ለጠበል ያደገ ሰው ሌላ ምን ይደምድም? ጀሪካን ሞላና፣ ባጃጅ እንዳያንገጫግጨው ሰግቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ ሄደ።

"እትዬ ዲሪቤ፣ ይኸው ውሃ" አለ። ስንት ዓመት ያዘጋጀው ንግግር በዚሁ አለቀ።

ወደ ኩሬው ልትጨምረው ስትል ልትጠይቃት የመጣችው፣ መቱ ቤተ ሙከራ የምትሠራው ልጇ ኢሊሊ እጇን ያዘቻት።

"ጋሼ አብደታ፣ ሐሳብዎ መጥፎ አይደለም" አለች። "ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ አለ፤ ኩሬ ውስጥ ሞልቷል። አንዳንዱ የበሽታውን ባክቴሪያ ይጨርሰዋል። አንዳንዱ ግን ውስጡ ገብቶ ይተኛና ጭራሽ መርዝ ያስታጥቀዋል። ባሕር ባላቸው አገሮች ሽሪምፕ የሚባል፣ አንበጣ የሚመስል የውሃ እንስሳ ያረባሉ። እዚያ አንዱ በሽታውን ሲያበርድ፣ ሌላው ሲያባብስ ታይቷል።"

"የእኔስ የትኛው ነው?" አለ አብደታ በደከመ ድምፅ።

"አላውቅም። ልየው።"

ከሁለቱም ኩሬ ውሃ ቀድታ፣ ከታመመ ዓሣ ቁስልም ናሙና ወስዳ ወደ መቱ ተመለሰች። እስክትመጣ ድረስ አብደታ በየጠዋቱ እየመጣ ከዲሪቤ ጋር የሞቱትን ለቅሞ ይቀብር ነበር። እጁ ሥራ ሲይዝ ምላሱም ቀስ በቀስ ተፈታ። ሚኒባስ ውስጥ ዶሮ ስላመለጠችው ተሳፋሪ ሲያወራላት ዲሪቤ ሳቀች። ዓሦቿ ከታመሙ ወዲህ ሳቅ ረስታ ነበር።

ኢሊሊ ባክቴሪያው እንደ ስስ እርጎ የተነጠፈባቸው ትንንሽ ሳህኖች ይዛ መጣች። በአንደኛው ላይ ጥርት ያሉ ቀዳዳዎች አሉ።

"እዚህ ጋ ቫይረሱ ባክቴሪያውን ጨርሶታል። በዚህኛው ግን ቀዳዳው ደፍርሷል፤ የተረፉ ባክቴሪያዎች አሉ። ቫይረሱ ውስጣቸው ተኝቶ ይሆናል። መርዝ ያስታጥቃቸው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እርግጠኛ ሳልሆን ደግሞ እዚህ ኩሬ አይገባም።"

የደፈረሰው የአብደታ ነበር። የጠራው የመጣው ከዲሪቤ ከራሷ ኩሬ ነው።

ዲሪቤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ውሃውን አፍስሳው ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱም አብሮ ይሄድ ነበር።

ኢሊሊ ኩሬው ውስጥ ገና ያልበዛውን ያንን ቫይረስ አባዝታ፣ ከመኖ ጋር ቀላቅላ፣ መጀመሪያ ሳፋ ውስጥ ባሉ ጥቂት ዓሦች ሞከረችው፤ ከዚያ ለኩሬው ሰጠች። ሁሉም አልተረፉም። የተረፉት ቁስላቸው እየደረቀ ሄደ።

አብደታ ደስ አለው፤ አፈረም። ለሚወዳት ሴት ጠላት በትከሻው ተሸክሞ ኩሬዋ ውስጥ ሊጨምርላት ነበር። ያመጣው ውሃ ፈልቶ ተደፍቷል፤ ጀሪካኑ በበረኪና ታጥቦ አጥሩ ላይ ተደፍቶ ደርቋል። ከእንግዲህ የሚቀበር ዓሣ የለም፤ መምጫ ምክንያትም የለም። ጀሪካኑን አነሳና "እንግዲህ ደህና ይሁኑ" አለ።

ዲሪቤ ከኩሬው ዳር ቀና ብላ አየችው።

"ውሃዎ ይቅር እንጂ፣ እርስዎ ለምን ይቀራሉ?"

አብደታ ጀሪካኑን መልሶ አስቀመጠ።